ለማን ነው የምንጽፈው?

የዛሬው ርዕሳችን ተደራሲ ነው። ተደራሲ ስንል ልብ ወለዱ የታሰበለትን ሰው ማለታችን ነው።

እስቲ ወጥ ቤት እንግባ። ባለሙያዋ ድስቱን ከመጣዷ በፊት “የሚበላው ማን ነው?” ትላለች። ለሕፃናት ከሆነ አልጫ ትሠራለች። ለአዋቂ ደግሞ በርበሬውን ጠበቅ ታደርጋለች። ሙያዋ ግን ያው ነው፤ አልጫ ነው ተብሎ ጨው አይረሳም። ይህን የምለው ለልጆች መጻፍ ቀላል ለሚመስላቸው ነው።

ታዲያ በልብ ወለድስ? አንድ አባት ከእስር ተፈቶ ቤቱ ገባ እንበል። ተደራሲያችን የአሥር ዓመት ልጅ ከሆነች፣ ትረካው ከትንሿ ልጁ ጋር አልጋ ሥር ይደበቃል። ከዚያ ሆና የማታውቀውን ጫማ ታያለች። ተደራሲው አዋቂ ከሆነስ? ሚስትየው ቡና ትቀዳለታለች፤ ስንት ማንኪያ ስኳር ይወድ እንደነበር ግን ጠፍቷታል።

ደግሞ ተደራሲ አንባቢ ብቻ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ “ፍቅር እስከ መቃብር” በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረውም ተደራሲ ሆነ። አድማጭ እንግዲህ ገጽ መልሶ አይገልጥም። ስለዚህ ለጆሮ የምትጽፉ ከሆነ፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም ደጋግሙ፤ “እሱ”ና “እሷ” አታብዙ።

ሳምንት ስለ ምልልስ አጻጻፍ ይዘን እንቀርባለን።