ወረራው ካበቃ በኋላ



በቅርቡ በልደታ ሠፈር ሁለት ወጣት ሴቶች በቼዝ ውድድር ሲጋጠሙ ተመለከትሁ። አንደኛይቱ በአንድ ፈረስና በሁለት ወታደር ስለ በለጠች ተመልካቹ ሁሉ ድሉን ለእርስዋ ሰጥቶ ነበር። እርስዋም ድሉን አስቀድማ በልብዋ ቈጠረችና ቸኰለች፤ ንግሥትዋን አስበልታ ተሸነፈች። እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ስትወጣ፥ አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት «ድሮስ ይህ የወንድ ጨዋታ አይደለምን?» አሉ። በዚያች ሰዓት ዕድሜያቸውን አክብሬ ዝም አልሁ፤ ዛሬ ግን የምመልሰው ቃል አለኝ።

ሰንጠረዥ ለአገራችን ሴት እንግዳ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በገና በመደርደር ብቻ ሳይሆን በሰንጠረዥ ጨዋታም የታወቁ ነበሩ። በጥንቱ ሰንጠረዣችን የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ባንድነት ያንቀሳቅሱ ነበር። ይህም ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን ከበላ በኋላ ግን ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በተራና በትዕግሥት ነው። እንግዲህ ያች ልጅ የተሸነፈችው ሴት ስለ ሆነች ሳይሆን፥ ወረራው ካበቃ በኋላ ስለ ወረረች ነው።

ይህም በእርስዋ አልተጀመረም። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. በቦነስ አይረስ በተደረገው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና፥ ሶንያ ግራፍ ከቬራ ሜንቺክ ጋራ ተጋጥማ ድሉ በእጅዋ ከገባ በኋላ ስሕተት በስሕተት ላይ ጨምራ ተሸነፈች። ሜንቺክ ከ19 ጨዋታ 17ቱን አሸንፋ፥ በ2ቱ እኩል ወጥታ ማዕረግዋን አጸናች። ይህች ሴት ቀደም ሲል፥ ኋላ በ1935 የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን የሆላንዱን ማክስ ዩቬን ያሸነፈች ናት። ግራፍም ብትሆን በሐዘን ገበታውን ጥላ አልሄደችም። በዚያው ውድድር 16 ጨዋታ አሸንፋ ሁለተኛ ወጣች፤ በ1964 ደግሞ የአሜሪካ የሴቶች ሻምፒዮን ሆነች።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ተሸንፋ እያለቀሰች ብትመጣ «ድሮስ» አትበሏት። የት ላይ እንደ ቸኰለች ጠይቋት፤ ገበታውንም መልሳችሁ ዘርጉላት። ድልን ማየት አንድ ነገር ነው፤ እስኪጨበጥ መታገሥ ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ ይህም ትምህርት የሚገኘው ተሸንፎ እንደ ገና በመቀመጥ ነው።