አባት የሚያወርሰው ምንድን ነው?

አንደኛ አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 የሕንዱ የነፃነት ታጋይ ጃዋሃርላል ኔህሩ፣ ሙሶሪ በተባለችው ተራራማ ከተማ ትከርም ለነበረችው የ10 ዓመት ልጃቸው ለኢንድራ ተከታታይ ደብዳቤዎች ጽፈዋል። ስለ ፓርቲ አልሰበኩም፤ አንዲት ድቡልቡል ጠጠር ምን አልፎባት እንደለሰለሰች አስረዱ እንጂ። አባት አመለካከትን የሚቀርጸው እንዲህ ነው፤ መፈክር በማስጠናት ሳይሆን ጠይቆ መረዳትን በማስለመድ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ይሁን እንጂ እኚያው ኢንድራ፣ ኋላ የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው፣ በ1975 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ተቃዋሚዎችን አሳሰሩ፤ ጋዜጦች ላይ ሳንሱር ጣሉ። የአባት ትምህርት ታዲያ የት ገባ? የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ጄኒንግስና ኒሚ በ1965 የአሜሪካ ተማሪዎችንና ወላጆቻቸውን ሲያጠኑም፣ ከፓርቲ ወገንተኝነት በቀር አብዛኛው ፖለቲካዊ አመለካከት ከወላጅ ወደ ልጅ በደንብ አልተላለፈም። ደግሞስ እናት የት ሄደች?

አንደኛ አቅራቢ፦ ልክ ነሽ፤ እናትም እኩል ትቀርጻለች፣ አባትም ዘር ይዘራል እንጂ አዝመራውን አያዝም። ይህ ግን ኃላፊነቱን አያቀልለትም። ልጅ ለፖለቲካ አቋም ገና ሳይደርስ ሥልጣንን የሚያየው እቤቱ ነው። «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ «ዝም በል!» የሚባል ልጅ፣ ጉልበት ያለው አይጠየቅም የሚለውን ይማራል። አባቱ «ተሳስቻለሁ» ሲል የሰማ ልጅ ግን፣ መሪም ሊታረም እንደሚችል ያውቃል።