አስናቀች ወርቁና የመድረክ እኅቶቻችን
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




 ንግግራችን ስለ አንዲት ተዋናይት ሕይወትና ሥራ ነው። ይህን ርእስ እንድንመርጥ ያደረገን ግን በአገራችን በጉንደ ወይን የደረሰብን ነገር ስለ ሆነ ከዚያው እንጀምራለን።

ከቢቸና ወደ ሞጣ በመኪና ያለፈ ሰው ጉንደ ወይንን ያውቃታል። እኛ የዚያች ከተማ ልጆች ባለፈው ክረምት ለዕረፍት በተመለስን ጊዜ አንድ አጭር ቴያትር ለማሳየት ተነሣን። ጨዋታው ያለ ፈቃዷ ስለምትዳር ልጅ ነበር። ለልጅቱ ቦታ የምትሆን አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አገኘን። ቃሏን ሁሉ በሦስት ቀን አጠናች፤ እንዲያውም እኛ ስንረሳ የምታስታውሰን እርስዋ ነበረች። ትርኢቱ ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው አባቷ መጡ። በትሕትና ሰላምታ ከሰጡን በኋላ፣ «ልጆቼ፣ መማራችሁን እወድላችኋለሁ፤ ልጄ ግን አዝማሪ አትሆንም» ብለው ይዘዋት ሄዱ።

ሌላ መላ ስላልነበረ ከእኛው አንዱ ጢሙን ተላጭቶ፣ የእኅቱን ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ ወጣ። ልጅቱ በእናቷ እግር ላይ ወድቃ በምታለቅስበት ቦታ ተመልካቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። በተመልካቹ አንፈርድም፤ እኛም ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን ስቀናል። ነገር ግን ሊያስለቅስ የሚገባው የእኅቶቻችን ጉዳይ መሳቂያ ሆኖ ቀረ።

ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም። ከዚያው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ የተነሡት ዮፍታሔ ንጉሤ በአዲስ አበባ መምህር ሆነው ቴያትር እየደረሱ ለተማሪዎች ያስጠኑ ነበር። በአገራችን ቴያትር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴቱን ቦታ የሚይዙት ወንዶች ነበሩ። በእንግሊዝ አገርም ቢሆን በሼክስፒር ዘመን ኦፊሊያንና ዴዝዴሞናን የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ሴቶች በሕዝብ ቴያትር መድረክ በሙያቸው መቆም የጀመሩት በ1660 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ስለዚህ የጉንደ ወይኑ አባት የተናገሩት ቃል በሌላውም ዓለም የተነገረ ነው።

በአገራችን ይህን ልማድ ከሰበሩት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት። የአዲስ አበባ ልጅ ናት። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ወደ መድረክ ስትወጣ፣ ሴት ልጅ በሕዝብ ፊት መጫወቷ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። በ1948 ዓ.ም. ለዘውድ በዓሉ 25ኛ ዓመት የተከፈተው፣ ኋላ ብሔራዊ ቴያትር የተባለው ቤት፣ የሥራ ቦታዋ ሆነ። በዚያ ተዋናይትም ዘፋኝም ነበረች።

ከቴያትሩ ሌላ ክራሯ አለ። አስናቀች ክራር እየመታች ትዝታን ስትጫወት ሰው ጸጥ ይል ነበር። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ከጌታመሳይ አበበ ጋር ያደረገችውንም ቅብብል ወላጆቻችን እስከ ዛሬ ያነሡታል። «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ሌላው ለስድብ ሲያውለው እርስዋ ግን ክራሯን አልጣለችም። በእኛ አሳብ ትልቁ ሥራዋ ይህ ነው፤ ቃሉን ሸሽታ በማምለጥ ፈንታ በቃሉ ውስጥ ቆማ አከበረችው።

በ2003 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጲክስ» በተባለው የሙዚቃ ተከታታይ 16ኛው ቅጽ ለእርስዋ ክራር ተሰጠ፤ የውጭ አገር ሰዎችም ሰሟት። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ዐረፈች። ስለ ሕይወቷ በራሔል ሳሙኤል የተዘጋጀው «አስኒ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም የታየው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። እርስዋ ካለፈች በኋላ መሆኑ ነው።

አሁን ከእርስዋ ጋር በአንድ ዘመን የተነሣች አንዲት እንግሊዛዊት እናንሣ። ጁዲ ዴንች በ1934 እ.ኤ.አ. በዮርክ ተወለደች። በ1957 እ.ኤ.አ. በለንደን ኦልድ ቪክ ቴያትር ኦፊሊያን ሆና ተጫወተች። ኋላም በቴሌቪዥንና በፊልም ታወቀች፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ከመንግሥቷ «ዴም» የሚል የክብር ስም ተሰጣት። ከዚያም በአንድ ፊልም ንግሥት ኤልሳቤጥን ሆና በ1999 እ.ኤ.አ. የኦስካር ሽልማት አገኘች። የዚያ ፊልም ታሪክ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? ሴት በመድረክ መጫወት በተከለከለችበት በሼክስፒር ዘመን፣ ወንድ መስላ ቴያትር የገባች የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው። እነርሱ የትናንት ነውራቸውን ዛሬ በፊልም እያዩ ይደነቁበታል። እኛ ግን አሁንም በዚያው ውስጥ ነን።

ይህን የምንለው የውጭውን ለማወደስ የራሳችንን ለማንቋሸሽ አይደለም። ልማዳችንን ጠለቅ ብለን ብንመረምረው ራሱ ይመልስልናል። በጎጃም ለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርደው ማን ናት? ሴት ናት። በመቶ ሰው ፊት ቆማ፣ ግጥም ገጥማ፣ ድምፅዋን ከፍ ዝቅ አድርጋ፣ ደረቷን እየመታች ሰውን ታስለቅሳለች። ማንም አዝማሪ አይላትም፤ «አንደበተ ርቱዕ» ተብላ ትከበራለች። በሠርግም ዘፈኑን የምታቀብለው ሴት ናት። እንግዲህ እናቶቻችን በለቅሶና በሠርግ የተፈቀደላቸው ነገር፣ እኅቶቻችን በመድረክ ላይ ስለ ምን ይከለከላሉ? ሴት በሕዝብ ፊት መናገሯ ነውር ከሆነ ለቅሶውም ነውር በሆነ ነበር።

ወንድሞቻችን ሆይ፤ ጥፋቱን ሁሉ በአባቶች ላይ መጫን ቀላል ነው። ነገር ግን በዚሁ ግቢ ውስጥ አንዲት ተማሪ ለግጥም ንባብ ስትነሣ የሚያፏጨው ማን ነው? ከእኛ መካከል «እኅቴ ተዋናይት ናት» ብሎ በኩራት የሚናገር ስንቱ ነው? የጉንደ ወይኑ አባት የፈሩት መድረኩን አይደለም፤ ከመድረኩ ስትወርድ እኛ የምንላትን ነው። ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናለን። መምህራኖቻችን በየክረምቱ ቴያትር ስናዘጋጅ ከወላጆች ጋር የሚነጋገሩልን ይሁኑ፤ የመምህር ቃል ከእኛ ቃል ይልቅ ይከበራልና። ወንድሞቻችን ደግሞ እኅቶቻችን በሚቆሙበት ቦታ ሁሉ አፋቸውን ይሰብስቡ።

በሚመጣው ክረምት ያንኑ ቴያትር ይዘን ወደ ጉንደ ወይን እንሄዳለን። ከሁሉ አስቀድመን ወደ እኒያ አባት ቤት ሄደን ደጅ እንጠናለን፤ ስለ አስናቀች ወርቁም እናጫውታቸዋለን። ልጅቱ ቃሏን ዛሬም አልረሳችም።