የሞተር ጀልባ እሽቅድምድምና የሐይቁ ሕዝብ ደኅንነት

(ዘማች ተማሪዎች በጣና ሐይቅ ዳር በአንድ የንባብ ቤት ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ በዚህ ንባብ ቤት የተሰበሰብነው ፊደል ለመቁጠር አይደለም። ፊደሉንማ ጨርሳችኋል። አሁን የቀረው ያነበቡትን ለኑሮ ማዋል ነው። ስለዚህ እኛ ከዩኒቨርሲቲ የዘመትን ተማሪዎች ስለ ሐይቃችን አንድ ነገር ልንነግራችሁ ተነስተናል። ነገሩም የሞተር ጀልባ እሽቅድምድም ነው።

«ኧረ እሽቅድምድም ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? እኛ እንደሆን ያለን ታንኳ ነው» የሚል ይኖራል። መልሱን ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን።

ያን ዕለት የሆነው

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ጠመኔና ደብተር ልናመጣ ወደ ከተማ ሄደን ነበር። ስንመለስ በሁለት የሞተር ጀልባ ተሳፈርን። ግማሾቻችን በአንዱ፣ ግማሾቻችን በሌላው። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ነፋሱም መንፈስ ጀምሯል። መንገድ ላይ የወዲያኛው ጀልባ ጓደኞቻችን እጃቸውን እያውለበለቡ አለፉን። ያን ጊዜ ደማችን ፈላ። «ይቅደሟቸው! ይቅደሟቸው!» ብለን ጮኽን። ነጂው በዕድሜ የበሰሉ ሰው ናቸው። «ተው ልጆቼ፣ በዚህ በኩል የታንኳ መንገድ አለ» አሉን። እኛ ግን አልሰማናቸውም። ለመንናቸው፣ ጎተጎትናቸው። በመጨረሻ እሺ አሉ።

ሁለቱ ጀልባዎች ጎን ለጎን ሆነው ወደ ዳር ገሰገሱ። እኛ የምናየው ወደፊት ብቻ ነበር። ከደንገሉ ጥግ የወጣችውን ታንኳ ልብ ያላት የለም። በታንኳዋ ላይ አንድ አባትና የልጅ ልጃቸው ነበሩ። ማገዶና ወደ ወፍጮ የሚሄድ አንድ ጆንያ ጤፍ ጭነዋል። ጀልባዎቻችን ታንኳዋን አልነኳትም፤ ርቀን ነው ያለፍነው። የነካት ከኋላችን የተከተለው ሞገድ ነው። የአንዱ ጀልባ ሞገድ ብድግ ሲያደርጋት የሌላው ከጎን መታት። ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ተንሸራተተ። አባት ውሃ ውስጥ ገቡ። ልጅቱ የታንኳዋን ጫፍ ጨብጣ ቀረች።

እኛ በዚህ ጊዜ እየሳቅን ነበር። ይህን ስንናገር እናፍራለን። ወደ ኋላ ዞር ብለው ያዩት ነጂው ናቸው። ጀልባውን መለሱ። ሲጠጉ ሞተሩን አጠፉ፤ መቅዘፊያ ዘረጉላቸው፤ አያትንም ልጅንም አወጣን። ደግነቱ ሰው አልሞተም። ማገዶው ግን በሐይቁ ላይ ተበተነ፤ ጤፉም ራሰ። አባት ጋቢያቸውን እየጨመቁ አንድ ነገር ብቻ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ስትሽቀዳደሙ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

እኒያ አባት ዛሬ እዚህ በመካከላችን ተቀምጠዋል። ይህን የምንናገረው ፈቃዳቸውን ጠይቀን ነው። ጤፉን ከኪሳችን አዋጥተን ተክተናል። ጥያቄያቸውን ግን በገንዘብ መመለስ አልቻልንም። መልሱን ፍለጋ መጽሐፍ ስናገላብጥ፣ እሽቅድምድም የለመዱ አገሮች ይህንኑ ጥያቄ እንዴት እንደመለሱት አገኘን።

በሲያትል ከተማ እንዴት ይጠበቃል?

በአሜሪካ አገር ሲያትል የሚባል ከተማ አለ። በስተምሥራቁ የዋሽንግተን ሐይቅ ይገኛል። ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ሬኒየር ሸለቆ በሚባለው ሰፈር፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በዚህ ሐይቅ ላይ ትልቅ የሞተር ጀልባ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ሲደረግ ቆይቷል፤ ጊዜውም ብዙውን ጊዜ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው።

የሚወዳደሩት ጀልባዎች ሃይድሮፕሌን ይባላሉ። ሲፈጥኑ ከውሃው ብድግ ይላሉ፤ ውሃውን የሚነኩት በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፍጥነታቸው በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። እስቲ አብረን እናስላ። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ማለት በአንድ ሴኮንድ 83 ሜትር ያህል ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላችሁ እስክትቆጥሩ ጀልባው 250 ሜትር ሄዷል። በዚያች ጊዜ ታንኳ ቀዛፊ መቅዘፊያውን ስንት ጊዜ ያነሳል? አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። እንግዲህ ከፊቱ የተገኘ ሰው ሸሽቶ አያመልጥም። ነጂውም አይቶ አያቆምም፤ ጀልባ እንደ መኪና ፍሬን የለውምና።

አደጋው የወሬ አይደለም። በዚሁ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1951 በተደረገው ውድድር በአንድ ጀልባ ላይ የነበሩ ነጂና መካኒክ ሞተዋል። እነሱ አደጋውን አውቀው የገቡበት ናቸው። በጀልባው ሆኖ ሊያይ የመጣው፣ ዓሣ ሊያጠምድ የወጣው፣ ልጆቹን ሊያናፍስ የመጣው ሕዝብ ግን በውድድሩ አልተመዘገበም። እሱን ለመጠበቅ ደንብ ወጥቷል። ከደንቡ አራት ነገር እንውሰድ።

1ኛ፣ ቀድሞ ማስታወቅ። በዚያ አገር ሕግ አዲስ ውድድር የሚያዘጋጅ ክፍል ለባሕር ጠረፍ ጥበቃው ማመልከት ያለበት ቢያንስ 135 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ከአራት ወር በላይ ማለት ነው። የትኛው ውሃ፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያዝ ተጽፎ ለሕዝብ ይነገራል። የአባታችን ጥያቄ «ማን ጠየቀኝ?» የሚል አልነበረም? የዚህ አንቀጽ መልስ «ሞተር ሳይነሳ ይጠየቃል፣ ይነገራል» የሚል ነው።

2ኛ፣ ውሃውን መክፈል። የተወዳዳሪው ውሃ ሌላ፣ የተመልካቹ ውሃ ሌላ ነው። በሲያትል ወሰኑ በምን እንደሚለይ ታውቃላችሁ? በግንድ! ግንዶች ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው በሐይቁ ላይ ይንሳፈፋሉ። የበግ በረት አጥር በሉት። ተመልካቹ ጀልባውን ከዚያ ላይ ያስራል። አጥሩ ላይ ከታሰረው ጀልባ ጋር ሌላ ጀልባ ማያያዝ ይቻላል፤ ግን ከሦስት አይበልጥም። ብዙ ጀልባ ከተጣበቀ የእርዳታ ጀልባ መግቢያ ያጣል። ተወዳዳሪዎቹ በመንገዳቸው ላይ ሳሉ ማንም በዚያ ውሃ አይዋኝም። በተመልካቹ ውሃ የሚዋኝም ከጀልባ ከሦስት ሜትር ያህል በላይ አይርቅም።

3ኛ፣ ትእዛዝ ከአንድ ሰው እንዲወጣ ማድረግ። የጥበቃው አዛዥ የሚባል አንድ ሰው ይሾማል። የጥበቃ ጀልባ ፊሽካ ወይም ጥሩምባ በአጭር በአጭሩ ደጋግሞ ከነፋ ትርጉሙ «ቁም!» ነው። የተነፋለት ጀልባ ይቆማል። እምቢ ያለ ከሐይቁ ሊባረር፣ ሊከሰስም ይችላል። በእኛ ጀልባ ላይ ግን አዛዥ የነበረው ማን ነው? የእኛ ጩኸት ነው። «ተው» ያሉት ነጂ ትክክል ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን በጩኸታችን ተዋጠ።

4ኛ፣ ከውድድሩ በኋላ ያለውን ሰዓት መጠበቅ። ብዙ ሰው አደጋው ከውድድሩ ጋር ያለቀ ይመስለዋል። ያኔ ግን ተመልካቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ይነሳል። ያየው ፍጥነት በልቡ አለ፤ ነጂው ሁሉ ተሽቀዳዳሚ ልሁን ይላል። ስለዚህ ደንቡ ከዚያ አካባቢ የሚወጣ ጀልባ በሰዓት ከ7 ማይል፣ ማለትም ከ11 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እንዳይበልጥ ያዛል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር በተሮጠበት ሐይቅ ላይ ሕዝቡ በ11 ይመለሳል።

ሞገድ ኋላ ይመጣል

አሁን ወደ ሞገዱ እንመለስ፤ ታንኳዋን የመታት እሱ ነውና። ጀልባ ቀስ ሲል ሞገዱ ትንሽ ነው። ቀላል ጀልባ በጣም ሲፈጥንም ከውሃው ብድግ ስለሚል ሞገዱ ቀነስ ይላል። ትልቁ ሞገድ የሚነሳው በመካከል ነው፤ ጀልባው አፍንጫውን ወደ ላይ አንስቶ፣ ኋላውን ውሃ ውስጥ ቀብሮ ሲሄድ። ስለዚህ ታንኳ አጠገብ ሲደርስ ጥቂት ብቻ የሚቀንስ ነጂ ያዘነ እየመሰለው ይበድላል። መቀነስ ከሩቁ ነው፤ መቀነስም አፍንጫው ዝቅ እስኪል ድረስ ነው።

ሞገድ ጀልባው ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው። ግንብ ወይም ድንጋይ ከመታም ይመለሳል። ለፈጣኑም አይመለስም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1967 ዶናልድ ካምቤል የተባለ እንግሊዛዊ በአገሩ በኮኒስተን ሐይቅ ላይ የዓለምን የጀልባ ፍጥነት ክብረ ወሰን ሊያሻሽል ወጣ። የመጀመሪያውን ጉዞ በሰዓት 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ። ከዚያ ውሃው እስኪረጋ ሳይጠብቅ ተመለሰ። ጀልባው ተነስቶ ተገለበጠ፤ ካምቤልም ሞተ። ለአደጋው ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ራሱ ያስነሳው ሞገድ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

ሲያትል ሀብታም አገር ነው፤ የጥበቃ ጀልባው ብዙ ነው። የእኛ አቅም ሌላ ነው። ይሁን እንጂ ከደንቡ ብዙው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም።

ለሞተር ጀልባ ነጂዎች፦ በታንኳ መንገድና በደንገል አጠገብ እሽቅድምድም አይደረግ። ታንኳ ሲታይ ከሩቁ ፍጥነት ይቀነስ። ሰው ውሃ ውስጥ ከገባ ሲጠጉ ሞተሩ ይጥፋ፤ ከሥሩ የሚሽከረከረው ብረት እጅና እግር ይቆርጣል።

ለተሳፋሪዎች፣ በተለይም እንደ እኛ ላለ ወጣት፦ ነጂን አትጎትጉቱ። «ተው» ሲሏችሁ ስሙ። ላይፍ ጃኬት የሚባለው መንሳፈፊያ ሰደርያ ካለ ከወንበር ሥር አይቀመጥ፤ ይለበስ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ በጀልባ አደጋ ሰምጠው ከሞቱት መካከል ከ100 ሰዎች 87ቱ አልለበሱትም ነበር። ሰደርያ ከሌለ ባዶ ጀሪካን ክዳኑ ጠብቆ፣ ገመድ ታስሮበት በጀልባው ይቀመጥ። ለሰመጠ ሰው ይወረወራል።

ለታንኳ ቀዛፊዎች፦ ይህን ሥራ ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ለልጆቻችሁ እንዲተላለፍ ብቻ እንጽፈዋለን። ሞገድ ሲመጣ ፊት ይሰጣል እንጂ ጎን አይሰጥም። ጭነት ዝቅ ብሎ ይደላደላል፤ ሰውም ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ታንኳ ቢገለበጥ ደንገል ይንሳፈፋልና ታንኳውን አትልቀቁ።

ለሁላችንም፦ ሰው ሲሰምጥ ያየ ዋና ሳይችል ዘሎ አይግባ። መቅዘፊያ ይዘርጋ፣ ገመድ ወይም ጀሪካን ይወርውር፣ ይጩኽ።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። «ታንኳ ከሐይቁ ይውጣ፣ ያኔ አደጋው ይቀራል» የሚል ሰው ሰምተናል። ይህ ፍርድ አይደለም። በሲያትልም ሕዝቡ ከተወዳዳሪው ውሃ እንዲርቅ ይደረጋል፤ ግን አስቀድሞ ተነግሮት፣ ለተወሰነ ሰዓት፣ ጥበቃ ቆሞለት ነው። ታንኳ ቀዛፊው ሐይቁ ላይ የወጣው ለጨዋታ ሳይሆን ለእንጀራ ነው። ጥንቃቄው መጀመር ያለበት ከፈጣኑ ነው። ሩጫው የሁለት ጀልባ ነው፤ ውሃው ግን የሁሉ ነው።

ባለፈው እሑድ ሁለቱን ነጂዎች፣ ታንኳ ቀዛፊዎችንና እኒያን አባት ይዘን በዋርካው ሥር ተቀምጠን ነበር። በታንኳ መንገድ ላይ እንዳይሽቀዳደሙ ነጂዎቹ ቃል ገቡ። ለበዓል ጨዋታ ውድድር ከተፈለገ ቀኑና ሰዓቱ በገበያ ቀን ይነገራል፤ በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ከዳር ርቆ ይሆናል፤ አንድ ሰው ፊሽካ ይዞ ይቆማል። ፊሽካውን ማን ይያዝ ሲባል ሁሉም ወደ እኒያ አባት ዞረ። እሳቸው ሳቅ ብለው «መጀመሪያ ደንቡን ጻፉና አንብቡልኝ፤ የለም፣ ተዉት፣ ራሴ አነበዋለሁ» አሉ።

ደንቡ ተጽፎ ዛሬ በዚህ ንባብ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ስትወጡ አንብቡት።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጀልባዎቹ ታንኳዋን ሳይነኳት ጭነቷ እንዴት ተበተነ?
2. በሲያትል ከውድድሩ በኋላ ለምን በዝግታ ይወጣል?
3. ታንኳ ሲያይ ጥቂት ብቻ ፍጥነት የሚቀንስ ነጂ ለምን ይበድላል?
4. በእናንተ መንደር ሳይጠየቅ የሚጎዳ ሰው ማን ነው? በመንገድ፣ በውሃ ወይም በገበያ የምታውቁትን ተናገሩ።