ኢሣር፦ ወንድምን ከራስ ማስቀደም

(ለጀማዓው ከቀረበ ንግግር ለዚህ መታሰቢያ የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ሁሉ ላይ ይስፈን።



ስለ ልግስና ከዚህ ሚንበር ብዙ ሰምታችኋል። እኔ ላነሳላችሁ የወደድሁት ከልግስና አንድ ደረጃ ከፍ ስለሚለው ስለ ኢሣር ነው። ከተረፈው የሚሰጥ ሰው መልካም ሠርቷል። ካለው ከፍሎ ትልቁን ድርሻ የሚሰጥ ደግሞ ከእርሱ ይበልጣል። በእጁ ያለው ለራሱም የማይበቃ ሆኖ ሳለ ወንድሙን የሚያስቀድም ግን ሥራው ኢሣር ይባላል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሐሽር 9ኛው አንቀጽ የመዲናን አንሷሮች ያመሰገነው በዚሁ ነው፤ ራሳቸው ተቸግረው ሳለ ስደተኞቹን ያስቀድሙ ነበርና።

ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ይዘው የዘገቡትን ታሪክ ታውቁታላችሁ። አንድ የተቸገረ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ መጣ። እርሳቸውም ወደ ባለቤቶቻቸው ቤቶች ላኩ። ከሁሉም ቤት የመጣው መልስ አንድ ነበር፦ ከውኃ በቀር ምንም የለም። በዚህ ጊዜ ከአንሷሮች አንዱ እንግዳውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ባለቤቱ ያላት የልጆቿ ራት ብቻ እንደሆነ ነገረችው። ልጆቹን አባብላ እንድታስተኛ፣ እንግዳው ለማዕድ ሲቀርብም መብራቱን የምታስተካክል መስላ እንድታጠፋው ተስማሙ። በጨለማው ውስጥ ባልና ሚስት የሚበሉ እየመሰሉ እንግዳው በላ፤ እነርሱ ግን ጦማቸውን አደሩ። ሲነጋ ነቢዩ አላህ በሁለቱ ሥራ እንደተደሰተ ለባለቤቱ አበሰሩት።

ልጆችስ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፤ መጠየቅም ይገባችኋል። ኢማም ነወዊ የሙስሊምን ሐዲስ ሲያብራሩ ልጆቹ ረሃብ የሚጎዳቸው እንዳልነበሩ፣ እንደ ማንኛውም ልጅ ሲያዩ የሚጠይቁ ብቻ እንደነበሩ ገልጸዋል። የሚጎዱ ቢሆኑ ኖሮ ከእንግዳው በፊት እነርሱን ማብላት ግዴታ ነበር። መስጊድ ሲመጣ እጁ የሚፈታ፣ ቤት ሲገባ ግን የሚቋጠር አባወራ ይህን ሐዲስ ምክንያት ሊያደርገው አይችልም። የሚስትና የልጆች ሐቅ የእርሱ ስላልሆነ በኢሣር ስም አሳልፎ ሊሰጠው አይገባም።

እኔ ይህን ታሪክ በመድረሳ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ በኋላም ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ያን ጊዜ ሁሉ ቁም ነገሩ ምግቡ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን መብራቱ ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ። ምግቡንማ መብራቱ እየበራም መስጠት ይቻል ነበር። ነገር ግን እንግዳው የባለቤቶቹን ባዶ እጅ ቢያይ ጉርሻው ከጉሮሮው አይወርድለትም ነበር። መብራቱ የጠፋው ለክብሩ ሲባል ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ኪታብ ያልቀሩ አንዲት እናት ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በረመዳን መጨረሻ ለችግረኞች የሚታደል ዱቄትና ዘይት ተዘጋጅቶ ነበር። ሰልፉ እንዳይተረማመስ ብዬ የተቀባዮቹን ስም ከወረቀት ላይ በድምፅ ማጉያ አነበብሁ። ሥርዓት ያስከበርሁ መስሎኝ ነበር። የእኚህ እናት ስም ሦስት ጊዜ ተጠርቶ የሚቀርብ ጠፋ። ከኢፍጣር በኋላ ድርሻቸውን አስይዤ ቤታቸው ሄድሁ። በደስታ ተቀብለው፣ ቡና አፍልተው አስተናገዱኝ። ልነሳ ስል፦

«ሸኼ፣ ዱቄቱን ስላመጡልኝ አላህ ይስጥልኝ። ስሜን ግን ለሰፈሩ ሁሉ ለምን አደሉብኝ?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። እርሳቸው ቀጠሉ፦ «እዚያ ማዶ ልጆች ያሏት አለች። ከእኔ እሷ ትብሳለች፤ ለእሷ ያድርሱልኝ። ስሟን ግን አይጥሩት።»

ዱቄቱን አሸክሜ ወጣሁ። ስለ ኢሣር በየጁምዓው የምናገረው እኔ ነበርሁ፤ የሠሩት ግን እርሳቸው ናቸው። በዚያች ቀን መብራቱን ያበራሁባቸው እኔ ነበርሁ።

የሚሰጡትን ሰዎች ስም ማንበብስ? ለመስጊድ ሥራ በሚደረግ መዋጮ አንዱ ሲሰጥ ሌላው ይነሳሳል፤ ይህን አልነቅፍም። በሱረቱል በቀራህ 271ኛው አንቀጽም ምጽዋትን በግልጽ መስጠት መልካም መሆኑ፣ ደብቆ ለድኾች መስጠት ግን የበለጠ መሆኑ ተነግሯል። ሰጪው ስሙ እንዲነበብ ራሱ ሊፈቅድ ይችላል። ተቀባዩን ግን ማን ጠየቀው?

ተቀባይም ቢሆን የኢሣር ድርሻ አለው። ሙሃጂሮች እ.ኤ.አ. በ622 ንብረታቸውን መካ ጥለው መዲና ሲገቡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአንሷሮች ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.)፣ ቀደም ሲል ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዱ የነበሩት፣ የሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) ወንድም ሆኑ። ሰዕድ ሀብታቸውን እኩል ሊያካፍሏቸው ፈቀዱ። ዐብዱራሕማን በረካ እንዲሆንላቸው ዱዓ አድርገው፣ ገበያው ወዴት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። በበኑ ቀይኑቃዕ ገበያ የደረቀ አይብና ቅቤ እየነገዱ ብዙም ሳይቆዩ ትዳር ለመያዝ በቁ። እኛ ይህን ስንተርክ ሰዕድን እናወድሳለን፤ ይገባቸዋልም። ግን ግማሹን የሰጠ ይበልጣል ወይስ መሥራት ስችል የወንድሜን ግማሽ አልወስድም ያለው? እኔ ሁለቱን መለየት አልቻልሁም።

ለእኛ ለኢማሞችና ለኮሚቴ አባላት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የዑመር (ረ.ዐ.) ታሪክ ይከብደኛል። በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ ተወግተው በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ፣ ከነቢዩና ከአቡ በክር ጎን እንዲቀበሩ እንድትፈቅድላቸው ልጃቸውን ዐብደላህን ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላኩ። ሲልኩትም በአሚረል ሙእሚኒን ስም ሳይሆን በዑመር ስም ብቻ እንዲጠይቅ አዘዙት። ዓኢሻ ቦታውን ለራሳቸው ይፈልጉት ነበር፤ ነገር ግን ዑመርን አስቀደሙ። ዑመር በዚህ አልረኩም። ከሞቱ በኋላ ሬሳቸውን ተሸክመው በሩ ላይ እንዲቆሙና እንደገና እንዲያስፈቅዱ፣ ከተከለከሉም ወደ ሙስሊሞች መቃብር እንዲወስዷቸው ተናዘዙ። ሥልጣናቸውን አፍራ የሰጠችው እንዳይሆን ሰግተው ነበር። እኛስ ሰው ፊት አቁመን፣ አሳፍረን ያስከፈልነው ገንዘብ በመዝገባችን ውስጥ ምን ያህል ይሆን? እኔ ራሴ ከሚጠየቁት አንዱ ነኝ።

ስለዚህ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረን አንድ ነገር ወስነናል። ከመጪው ረመዳን ጀምሮ የተቀባዮች ዝርዝር በሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ይቀመጣል፤ በድምፅ ማጉያ አይነበብም። ድርሻውም ከተራዊሕ በኋላ ሲጨልም በየቤቱ ይደርሳል። ዱቄት ለመሸከም ጉልበት ያላችሁ ወጣቶች ለሙአዚኑ ንገሩት። በየትኛው በር እንደገባችሁ ግን ለማንም አትንገሩ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።