ድምፅ በኮምፒዩተር ሲቀዳ ስለሚጐድለው ነገር

የምናገረው ስለ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ስለ አንዲት ፊደል መጥበቅና መላላት ነው። ነገር ግን ያችን ፊደል ለማግኘት ብዙ ደክመናል።

ባለፈው ዓመት ሦስት ተማሪዎች ሆነን የሽማግሌዎችን ቃል በኮምፒዩተር ቀድተን ለማስቀመጥ አሰብን። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተን ቡሬ አደርንና በማግሥቱ በእግር ወደ አንዱ ጓደኛችን አያት ቤት ሄድን። አባባ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ ንግግራቸው ሁሉ ሰምና ወርቅ የሆነ ሰው ናቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ቀዳናቸው። በመካከሉ በወጣትነቱ ለሥራ ወደ ሑመራ ወርዶ ስለ ቀረው ወንድማቸው ነገሩን።

ተመልሰን ስንሰማው እዚህም እዚያም «ጢቅ» የሚል ድምፅ አለበት። የባሰው ግን «ጢቅ» እንኳ ሳይል ቃሉ የሚያጥርበት ቦታ ነበር። አንዱን ቦታ የጓደኛችን እናት ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ቃሉ፣ «ወንድሜ አለ፤ አገሩ ሩቅ ነው» የሚል ነው። «አለ» ጠብቆ ከተነገረ ወንድምየው በሕይወት አለ ማለት ነው። ላልቶ ከተነገረ ግን ወንድምየው «አገሩ ሩቅ ነው» ብሎ ተናገረ ማለት ብቻ ይሆናል። ከእኛ ቅጂ የሚሰማው ላልቶ ነበር። እናትየው፣ «አባቴ እንዲህ ብለው አይናገሩም፤ አጐቴ አለ ማለታቸው ነው» አሉ። ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ሞልቶ ስለ ነበረ ሄደን ለመጠየቅ አልቻልንም። በስልክ ቢጠየቁም፣ «ይህ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም» ብለው ዘጉት።

እንግዲህ ድምፅ እንዴት ይጐድላል? ነገሩን በወፍጮ ቤት ልመስለው። ዱቄት ከወፍጮው አፍ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ከታች ቁና ተደግኖለታል። ቁናው ሲሞላ አንድ ልጅ ፈጥኖ ባዶ ቁና ይተካና ሙሉውን ወደ ጆንያ ይገለብጣል። ልጁን ሌላ ሰው ጠርቶ ካዘገየው ወፍጮው አይጠብቀውም፤ ዱቄቱ መሬት ይፈሳል። በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ድምፁ በየሴኮንዱ 44,100 ጊዜ ወይም 48,000 ጊዜ እየተለካ ቁጥር ሆኖ ይወርዳል። ቁናው በፈር የሚባለው ጊዜያዊ ማከማቻ ነው፤ ልጁ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ጆንያውም ድምፁ የሚጻፍበት ዲስክ ነው። አንድ ቁና የአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ድምፅ የሚይዝ ቢሆንና ቢፈስ፣ 4,410 ቁጥሮች ይጠፋሉ። አንዲት ፊደል ስትጠብቅ የምትጨምረው ጊዜ ከዚህ ብዙ አይበልጥም!

በካሴት ያደጋችሁ ወላጆቻችን ይህ ያስደንቃችሁ ይሆናል። ካሴት ሲበላሽ ድምፁ ይጐተታል፣ ይወፍራል፣ ይጮኻል፤ መበላሸቱን ራሱ ይናገራል። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ለንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የላኩት ቃል እንኳ፣ በሰም ላይ የተቀረጸ ስለ ሆነ ሹክሹክታው ቢበዛም፣ ጉዳቱ ለጆሮ ግልጽ ነው። የኮምፒዩተር ቅጂ ግን ከጐደለው ቦታ ግራና ቀኝ ያለው ንጹሕ ስለ ሆነ ሰሚው አይጠረጥርም።

መጀመሪያ ጥፋቱን በአባባ ጥርስ ላይ ጣልነው፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ። ቀጥሎ የማይክሮፎኑን ገመድ ለወጥን። ከዚያም በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተሩን መብራት ላይ ሰክተን ሃያ ደቂቃ ብንቀዳ ምንም አልጐደለም፤ ግራ ገባን። በዚህ ጊዜ የፊዚክስ መምህራችን፣ «በሽተኛውን በታመመበት ቤት ጠይቁት እንጂ» አሉን። እውነታቸውን ነው። ገጠር ስንቀዳ በባትሪ ነበርን፤ የኮምፒዩተሩ ዲስክ ሞልቶ ስለ ነበረም በቀጥታ በፍላሽ ላይ ነበር የምንጽፈው፤ ፍላሹና ማይክሮፎኑም በአንድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተው ነበር።

ሁሉንም እንደዚያ ቀን አድርገን የግድግዳ ሰዓት ቀዳን። የሰዓቱ ምት በስክሪኑ ላይ በእኩል ርቀት ይሰለፋል፤ ድምፅ በጐደለበት ቦታ ግን ሁለት ምቶች ይቀራረባሉ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ብዙ ቦታ ተቀራርበው አገኘን። ስንጨርስም ኦዳሲቲ የተባለው የመቅጃ ፕሮግራም አንድ መልእክት አወጣ፤ ድምፅ የጠፋበትን ቦታ ምልክት እንዳደረገበት፣ ምክንያቱም ሌሎች ፕሮግራሞች ፕሮሰሰሩን መሻማታቸው ወይም ቅጂው በዝግተኛ የውጭ ማከማቻ ላይ መጻፉ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ሦስታችንም ተያየን። ያን ቀን በአባባ ቤት ይኸው መልእክት ወጥቶ ሳናነብ «እሺ» ብለን ዘግተነው ነበር።

ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥን ሰዓቱን እንደ ገና ቀዳን። ዲስኩን አጽድተን ቅጂውን ወደ ውስጥ ስናዞር አብዛኛው ጉድለት ጠፋ። ማይክሮፎኑን ያለ ማከፋፈያ ብንሰካው የተለወጠ ነገር የለም። ኮምፒዩተሩ ባትሪ ለመቈጠብ ራሱን እንዳያዘገይ ስናዝዘው የቀረውም ጠፋ። ዋይፋይ መዝጋት ለእኛ ለውጥ አላመጣም፤ በሌላ ኮምፒዩተር ግን ሊያመጣ ስለሚችል መዝጋቱ አይከፋም። የማይክሮፎኑና የፕሮግራሙ መለኪያ፣ 44,100 ወይም 48,000፣ አንድ መሆኑንም ተመለከትን። በፈሩን ከ100 ወደ 200 የሴኮንድ ሺሕኛ ያሳደግነው በመጨረሻ ነው። አስቀድመን አሳድገነው ቢሆን ጉድለቱ ይቀንስልን ነበር፤ ምክንያቱን ግን ሳናውቅ እንቀር ነበር። ትልቅ በፈር ዘፋኝ የራሱን ድምፅ በኮምፒዩተር በኩል በማዳመጫ እየሰማ ሲዘፍን ያስቸግረዋል፤ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣበታልና። አባባ ግን ማዳመጫ አላደረጉም።

ከመስቀል በኋላ ወንዙ ሲጐድል ከጓደኛችን እናት ጋር ተመልሰን ሄድን። ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ለመጠባበቂያ ስልክም አስቀምጠን እንዲቀዳ አደረግን። የመጣንበትን ስንነግራቸው አባባ ሣቁ። «ያን ቀን እናንተ ልጆች የት ነበራችሁ? ጆሮ አልነበራችሁምን?» አሉን። እዚያው ነበርን። ነገር ግን ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ የሚወጣ የሚወርደውን መስመር እንመለከት ነበር እንጂ የሚናገሩትን የሰማ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ወንድማቸው ከገዳሪፍ በነጋዴ ቃል እንደ ላከባቸው፣ ለማንም ያልነገሩትም እስኪመጣ ብለው እንደ ሆነ ቀስ ብለው ነገሯቸው። «አለ» የተባለው ጠብቆ ነው። በሁለተኛው ቅጂ ላይ በግልጽ ይሰማል፤ ከእርሱ በኋላ የሚሰማው የእናትየው ልቅሶ ነው።

የመጀመሪያውን ቅጂ አልደመሰስነውም። የጐደለበት ቦታ ሁሉ ምልክት ተደርጎበት ከሁለተኛው ጋር በቤተ መጻሕፍታችን ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጧል፤ አባባም ተማሪዎች እንዲሰሙት ፈቅደዋል።