ዕቅዳችን በኩንታልም ይለካ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)



እኔ የብስራተ ገብርኤል ነዋሪ ነኝ። በሬ ጠምጄ አላውቅም፤ የእናንተን ጤፍ ግን ስበላ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ስለ ከተማ የልማት ግብ ተናገር ስባል በበላተኛው ወገን ሆኜ ለመናገር መጥቻለሁ።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ በስሙ ክፍለ ከተማ ቢሆንም በብዛቱ ራሱን የቻለ ከተማ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ300 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው፤ በዚያው ቆጠራ አዳማም መቀሌም ይህን ያህል ሕዝብ አልነበራቸውም። በዚህ ላይ ከፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ሄዶ የነበረው ገበያ በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር የመጣው ወደዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ስለዚህ የአርሶ አደሩና የከተሜው ጉዳይ እዚህ አንድ ደጃፍ ላይ ይገናኛል።

አሁን ወደ ዕቅድ ልምጣ። በየዓመቱ የምንሰማቸው ዕቅዶች «ይጠናከራል»፣ «ይሻሻላል»፣ «ትኩረት ይሰጠዋል» በሚሉ ቃላት የተሞሉ ናቸው። እነዚህ ቃላት አንድ ጥቅም አላቸው፤ ያቀዳቸውን ሰው ማንም ሊጠይቀው አይችልም። ቁጥር ግን ይናገራል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አገሪቱ በ2007 ዓ.ም. በዓመት 22 ሚሊዮን 500 ሺህ ኩንታል ስኳር እንድታመርት ታቅዶ ነበር። ዘመኑ ሲያልቅ የዕቅዱ ሩብ እንኳ አልተደረሰም። በሸማቾች ሱቅ ደጃፍ ለስኳር የተሰለፍን ሁሉ እናስታውሰዋለን። ነገር ግን ጉድለቱን በልኩ ያወቅነው ቁጥሩ ተጽፎ ስለነበር ነው። «የስኳር ምርት ይጠናከራል» ተብሎ ቢታቀድ ኖሮ ተጠናክሯል ተብሎ ሪፖርት ይቀርብ ነበር።

የተሳካም አለ። በምዕተ ዓመቱ የልማት ግቦች እያንዳንዱ አገር የሕፃናትን ሞት እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2015 በሁለት ሦስተኛ እንዲቀንስ ተወስኖ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት ግምት መሠረት በአገራችን ከ1000 ሕፃናት 204ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ቁጥሩ 68 ሆነ፤ ግቡ ከጊዜው ቀድሞ ተመታ። መነሻው ይታወቃል፣ መድረሻው ይታወቃል፣ ቀኑም ተቆርጧል፤ በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ነበረች።

ለትናንሽ ከተሞችም ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄደው የከተሞች ልማት ፕሮግራም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ 44 ከተሞች፣ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 117 ከተሞች በየዓመቱ በውጭ ገምጋሚ እየተለኩ፣ ገንዘቡም እንደ ውጤታቸው እየተለቀቀ ሠርተዋል። ራሱን ገምግሞ ለራሱ ነጥብ የሚሰጥ ግን ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣል።

ይህን የምለው ራሴም ስላለሁበት ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የሸማቾች ማኅበር የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። በጠቅላላ ጉባዔው የሽያጭ ዕቅዳችን ከመቶ በላይ ተከናወነ ብለን አነበብን፤ ተጨበጨበ። አንዲት እናት ተነሡና «ልጄ፣ ብሩን ተወው፤ ስንት ኩንታል አመጣችሁ? እኔ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ጤፍ አላገኘሁም» አሉ። መልስ አልነበረንም። በኋላ መዝገቡን ስናገላብጥ ነገሩ ገባን። እንበልና አምና 400 ኩንታል በ5000 ብር ሸጣችሁ፤ 2 ሚሊዮን ብር ነው። ዘንድሮ ዋጋው 8000 ገብቶ 260 ኩንታል ብቻ ብትሸጡ 2 ሚሊዮን 80 ሺህ ይሆናል። በብር አድጋችኋል፤ በእህል ግን ከሦስት አንድ እጅ በላይ ቀንሳችኋል። ማንም አልዋሸም፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። ሴትየዋን ግን ከዚያ ወዲያ በስብሰባ አላየኋቸውም።

ስለዚህ ከዩኒየኑና ከክፍለ ከተማው የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሚቀርበው እህል ከብሩ ጎን በኩንታል ይመዝገብ። በአንድ ቀን አርሶ አደሩ የተከፈለውና ሸማቹ የከፈለው ዋጋ ጎን ለጎን ይጻፍ፤ በመካከል ያለው ልዩነት በስንት ብር፣ እስከ መቼ እንደሚቀንስ ይወሰን። መጓጓዣና ማስፈጨት ወጪ እንዳለው አውቃለሁ፤ ልዩነቱ ዜሮ ይሁን የሚል ሰው ገበያ አያውቅም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ክፍያ ነው። አርሶ አደሩ እህሉን ካስረከበበት ቀን ገንዘቡ እጁ እስኪገባ ስንት ቀን ይፈጃል? ይህን የሚለካ ዕቅድ እስካሁን አላየሁም። ማዳበሪያና የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ አይጠብቅም፤ ዩኒየኑ ሲዘገይ ነጋዴው ጥሬ ብር ይዞ አውድማ ድረስ ይመጣል። ከዚያ «አባላት ለማኅበራቸው ታማኝ አይደሉም» ይባላል። ታማኝነትን ከመውቀሳችን በፊት ቀኑን እንቁጠር።

ለሚመጣው ዓመት መቶ ግብ አታውጡ። ሦስት ይበቃሉ። የዛሬው መነሻ ቁጥር ግን ከዚህ በዓል በኋላ ባለው ወር ውስጥ ይያዝ፤ አንዱ በመጋዘናችሁ በር፣ ሌላው በብስራተ ገብርኤል የሸማቾች ሱቅ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እኔ በየወሩ መጥቼ አነብባለሁ፤ ያን ጊዜ ጥያቄ ያነሡትን እናትም ፈልጌ ይዣቸው ለመምጣት እሞክራለሁ።